ዝርዝሩ ሳይመጣ ብዛቱን ማወቅ፦ የዳታቤዝ ረድፎችን ቀድሞ የመቁጠር ዝርዝር መመሪያ

ኮምቦልቻ መጋዘን፣ ደሴ መሸጫ ሱቅ ላላቸው አንድ ነጋዴ የዕቃ መከታተያ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ዳታቤዙ ያለው መጋዘኑ ውስጥ በተቀመጠ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ሱቁ ደግሞ ከላይ ከደሴ ሆኖ በሞባይል ዳታ እየገባ ይጠይቃል። ሐጂ (ሰፈሩም እኔም እንዲያ ነው የምንላቸው) ጠዋት ሱቅ እንደገቡ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ለእኛ የተመደበ ስንት ጭነት አለ?» ዝርዝሩን አይፈልጉም፤ ቁጥሯን ብቻ። የእኔ ፕሮግራም ግን ለዚያች ቁጥር ሲል የጭነቱን ዝርዝር በሙሉ ከነማብራሪያው እየጎተተ ሐረጎን (በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ዳገት) ያወጣ ነበር። መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፣ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ በሚኒባስ ወርጄ ቆጥሬ እመለስ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። ብዙም አላጋነኑም፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ረድፎቹን ሁሉ ወደ ማህደረ ትውስታ አስገብቼ የዝርዝሩን ርዝመት እለካ ነበር። ያንን ሳስተካክል የተማርኩትን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የማስቀምጠው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ። ትዕዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው በፊደላችን ነው፤ ስትተይቡ የትዕዛዝ ቃላቱን በላቲን ፊደል አድርጓቸው። የሠንጠረዥና የዓምድ ስም ግን በአማርኛ ቢሆንም ይሠራል፤ የዳታቤዝ ፕሮግራሞቹ ፖስትግሬስም፣ ማይኤስኪውኤልም፣ ኤስኪውላይትም ይቀበሉታል። ብቻ ፖስትግሬስ ላይ ስም ከ63 ባይት መብለጥ አይችልም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ስለሚይዝ 21 ፊደል ላይ ያበቃል። ከዚያ ያለፈውን ቆርጦ ይጥለዋል። ምሳሌዬ «ጭነት» የሚባል ሠንጠረዥ ነው፤ መለያ፣ መድረሻ፣ የገባበት_ቀን፣ የወጣበት_ቀን የሚባሉ ዓምዶች አሉት።

ለምንድን ነው ቁጥሩ አስቀድሞ የማይገኘው?

ብዙ ሰው ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ሲልክ ዳታቤዙ የተዘጋጀ ዝርዝር በእጁ ይዞ የሚጠብቀው ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። አብዛኞቹ ዳታቤዞች መልሱን የሚያመርቱት አንድ አንድ ረድፍ እየሳቡ ነው። ሰኞ ገበያ እህል የሚሰፈር ሰው አስቡ። ጆንያው ስንት ቁና እንደሚወጣው የሚታወቀው ተሰፍሮ ሲያልቅ ነው፤ ሰፋሪውን ገና ሁለተኛው ቁና ላይ «ጠቅላላው ስንት ነው?» ብትሉት ዝም ብሎ ያያችኋል። ዳታቤዙም የመጀመሪያውን ረድፍ ሲሰጣችሁ ከኋላው ስንት እንደቀረ አያውቅም። ኦርደር ባይ (ረድፎቹን በቅደም ተከተል የሚያስደረድረው ትዕዛዝ) ካለበትና ለመደርደሩ የሚሆን ኢንዴክስ (ቶሎ ማግኛ ማውጫ) ከሌለ፣ ሰርቨሩ መጀመሪያ ሁሉንም ሰብስቦ መደርደሩ አይቀርም፤ ያኔም ቢሆን ቁጥሩን አስቀድሞ ለጠያቂው የመንገር ልማድ የለውም።

«ታዲያ የሠንጠረዡን ጠቅላላ ብዛት እንኳ አንድ ቦታ ለምን አይጽፍም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ማይኤስኪውኤል ውስጥ ማይአይሳም የሚባለው የቀድሞው የማከማቻ ዘዴ ይጽፍ ነበር፤ ስለዚህ ያለ ማጣሪያ የተጠየቀ ብዛት ወዲያው ይመልሳል። ኢኖዲቢ (የማይኤስኪውኤል የአሁኑ የማከማቻ ዘዴ) እና ፖስትግሬስ ግን አይጽፉም፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚያየው አንድ ቁጥር የለም። የኮምቦልቻው መጋዘን ጠባቂ 12 ጭነት አስገብቶ ገና ኮሚት አላደረገም (ሥራውን አላጸደቀም) እንበል። ለእሱ ሠንጠረዡ ውስጥ 512 ረድፍ አለ፤ በዚያው ቅጽበት ደሴ ላለው ሱቅ ግን 500 ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። የትኛው ይጻፍ?

ደረጃ 1፦ ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ለዩ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ብዙ ነው፤ እኔም ዘልዬዋለሁ። ሐጂ የሚፈልጉት ለዓይን የሚታይ ትክክለኛ ቁጥር ነው። የገጽ መቀየሪያ የሚሠራ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው «ቀጣይ ገጽ አለ ወይስ የለም?» የሚለው ብቻ ነው። «ምንም አልተገኘም» የሚል መልእክት ለማውጣት ደግሞ አንድ ረድፍ መኖሩን ማወቅ ይበቃል። ሪፖርት እየተዘጋጀ የሂደት መስመር ለማሳየት ግምት ይበቃል፤ መስመሩ 97 ላይ ደርሶ ቢጨርስ ማንም አይከስም። ትክክለኛ ቁጥር ከእነዚህ ሁሉ ውዱ ስለሆነ፣ ሳያስፈልግ አትክፈሉበት።

አንድ ክፉ ምክንያትም አለ፦ «በማህደረ ትውስታ ውስጥ ለረድፎቹ የሚበቃ ቦታ ቀድሜ ለመመደብ»። ቁጥሩ ከተቆጠረ በኋላ ረድፍ ሊጨመር ስለሚችል፣ እየሰፋ የሚሄድ ዝርዝር ተጠቀሙና ይህን ተዉት።

ደረጃ 2፦ የመቁጠሪያ ኩዌሪውን ለብቻ ላኩ

ዋናው መንገድ ይኸው ነው፤ ከአሥር ጊዜ ስምንቱን እዚህ ላይ ትቆማላችሁ።

ሰሌክት ካውንት(*) ፍሮም ጭነት ዌር መድረሻ = 'ደሴ' ኤንድ የወጣበት_ቀን ኢዝ ነል;

ቆጠራው እዚያው ኮምቦልቻ ይሠራና በመስመሩ ላይ የምትመጣው አንዲት ቁጥር ናት። ሲጻፍ ግን የሚሳሳቱባቸው ነገሮች አሉ።

የዌር ክፍሉ (ማጣሪያው) ከዝርዝሩ ኩዌሪ ጋር አንድ መሆን አለበት። ስለዚህ ሁለት ቦታ አትጻፉት፤ ማጣሪያውንና መለኪያዎቹን የሚመልስ አንድ ፈንክሽን ሠርታችሁ ሁለቱም ኩዌሪዎች ከዚያ ይውሰዱ። እኔ ሁለት ቦታ ጽፌ፣ የወጡ ጭነቶችን የሚያስቀረውን መስፈርት ከአንዱ ረስቼ፣ ከላይ 340 እያለ ከታች 290 የሚዘረዝር ገጽ ለሳምንታት ሠርቷል። ያገኘችው የሱቁ ገንዘብ ተቀባይ ናት።

ኦርደር ባይን አውጡት፤ ለቆጠራ ድርድር ትርጉም የለውም። ሊሚትና ኦፍሴትንም (ስንት ረድፍ እንደሚመጣና ስንት እንደሚዘለል የሚወስኑትን) አውጡ። ይህ የሚያስቅ ወጥመድ አለው፦ የመቁጠሪያው መልስ ራሱ አንድ ረድፍ ብቻ ስለሆነ ሊሚት 20 ምንም አይለውጠውም፣ ኦፍሴት 20 ግን ያችኑ አንድ ረድፍ ያዘልላታል። መጀመሪያው ገጽ ላይ ልክ የነበረው ፕሮግራም ሁለተኛው ገጽ ላይ ባዶ መልስ ይዞ ይመጣል።

በቅንፉ ውስጥ ኮከብ ተዉ። ካውንት(የወጣበት_ቀን) ብትሉ ዋጋቸው ነል (ባዶ) የሆኑትን ስለማይቆጥር ያልወጡት ጭነቶች ይጠፋሉ። ከኮከብ ይልቅ 1 ማድረግ ይፈጥናል የሚል ወሬ ዛሬም አለ፤ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ግሩፕ ባይ (ማቧደኛ) ወይም ዲስቲንክት (ድግግሞሽ ማስወገጃ) ካለ ሰሌክቱን በካውንት መተካት አይሠራም። በመድረሻ የተቧደነ ኩዌሪ ላይ ካውንት ብትጨምሩ የቡድኖቹን ብዛት ሳይሆን የእያንዳንዱን ቡድን ይዘት ነው የምታገኙት። ሙሉውን ኩዌሪ በቅንፍ ጠቅልላችሁ ከውጭ ቁጠሩት፦

ሰሌክት ካውንት(*) ፍሮም (ሰሌክት መድረሻ ፍሮም ጭነት ግሩፕ ባይ መድረሻ) ኤዝ ስብስብ;

ስለ ጆይን (ሠንጠረዦችን ስለ ማያያዝ) አንድ ቃል። በሌፍት ጆይን የተያያዘው ሠንጠረዥ በልዩ ቁልፍ የሚገናኝ ከሆነና በማጣሪያው ውስጥ ከሌለ፣ ከቆጠራው ልታወጡት ትችላላችሁ፤ ብዛቱን አይለውጥም፣ ሥራ ግን ይቀንሳል። ልዩ ካልሆነ (አንድ ጭነት ብዙ ዕቃ ካለው) ረድፎቹን ያባዛልና አትንኩት።

ለማጣሪያው ዓምዶች ኢንዴክስ አብጁ። ፖስትግሬስ ከ9.2 ጀምሮ ኢንዴክሱን ብቻ አንብቦ መቁጠር ይችላል፤ ይህ የሚያዋጣው ግን ቫኪዩም (የሞቱ ረድፎች ማጽጃው) በየጊዜው ሲሠራ ነው፣ ካልሆነ የረድፉን ሕያውነት ለማረጋገጥ ወደ ሠንጠረዡ ይመላለሳል።

ደረጃ 3፦ በቆጠራውና በዝርዝሩ መካከል ያለውን ክፍተት ዝጉ

ሁለት ኩዌሪ ማለት ሁለት ጊዜ ማየት ማለት ነው። መናኸሪያ ላይ ረዳቱ ተሳፋሪ ቆጥሮ ዞር ሲል አንዱ ውሃ ሊገዛ እንደሚወርደው፣ ቆጥራችሁ ዝርዝሩን እስክታመጡ መጋዘኑ ሦስት ጭነት ሊያስወጣ ይችላል። በማያ ገጽ ላይ ለሚታይ ነገር ይህ ችግር አይደለም፤ ተዉት። ቁጥሩ ከዝርዝሩ ጋር የግድ መግጠም ያለበት ሰነድ ላይ ሲሆን ነው፣ ለምሳሌ ሾፌሩ ፈርሞ በሚወስደው ወረቀት ላይ።

ያኔ ሁለቱንም በአንድ ትራንዛክሽን (እንደ አንድ ሥራ በሚታይ የትዕዛዞች ጥቅል) ውስጥ አድርጉ፣ የማግለያ ደረጃውንም ሪፒተብል ሪድ (ሁሉም ኩዌሪዎች የዳታውን አንድ ፎቶ የሚያዩበት) በሉት። ትራንዛክሽን መክፈቱ ብቻውን አይበቃም፦ የፖስትግሬስ ነባሪ (ካልቀየራችሁት የሚሠራው) ደረጃ ሪድ ኮሚትድ ስለሆነ እያንዳንዱ ኩዌሪ አዲስ ፎቶ ያነሳል። የኢኖዲቢ ነባሪ ሪፒተብል ሪድ ነው። ቅደም ተከተሉ በፖስትግሬስ እንዲህ ነው፦

ቢጊን አይሶሌሽን ሌቭል ሪፒተብል ሪድ;
መቁጠሪያው;
ዝርዝሩ;
ኮሚት;

ትራንዛክሽኑን ከፍታችሁ ቡና አትጠጡ። በተለይ የወሎ ቡና እስከ በረካው ይቆያል፤ ፖስትግሬስ ደግሞ እናንተ እስክትጨርሱ ድረስ የሞቱ ረድፎችን ማጽዳት አይችልም። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ግን አትጨነቁ፤ ንባብ ብቻ ስለሆነ የሚበላሽ ነገር የለም።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩንና ገጹን በአንድ ኩዌሪ ማምጣት

መስመሩ ደካማ ሲሆን መመላለስ ራሱ ዋጋ አለው። ለዚህ የዊንዶው ፈንክሽን አለ፦

ሰሌክት መለያ፣ የገባበት_ቀን፣ ካውንት(*) ኦቨር () ኤዝ ጠቅላላ ፍሮም ጭነት ዌር መድረሻ = 'ደሴ' ኦርደር ባይ መለያ ሊሚት 20;

(በዓምዶቹ መካከል የእኛን ነጠላ ሠረዝ ያደረግሁት ለማንበብ ነው፤ ስትተይቡ የላቲኑን ኮማ ተጠቀሙ።) ቆጠራው የሚሠራው ከሊሚት በፊት ስለሆነ በ20ዎቹ ረድፎች ላይ ሁሉ ያው ጠቅላላ ቁጥር ተደግሞ ይመጣል። ፖስትግሬስ ከ8.4፣ ማይኤስኪውኤል ከ8.0፣ ኤስኪውላይት ከ3.25 ጀምሮ ያውቁታል።

ጉዳቱን እወቁ። ያለ እሱ ሊሚት 20 ያለው ኩዌሪ 20 ረድፍ አግኝቶ ሊያቆም ይችል ነበር፤ አሁን ግን የሚያሟሉትን ሁሉ ማለፍ ግድ ይለዋል። ሰው ከመጨረሻው ገጽ አልፎ ከጠየቀ ምንም ረድፍ ስለማይመለስ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል። ከዲስቲንክት ጋር ደግሞ የሚቆጥረው ድግግሞሹ ከመውጣቱ በፊት ስለሆነ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ እዚያ ላይ መጠቅለል ነው መፍትሔው።

በማይኤስኪውኤል «ኤስኪውኤል_ካልክ_ፋውንድ_ሮውስ» የሚለውን የድሮ ዘዴ የሚያሳይ ኮድ ካያችሁ አትቅዱት። ከ8.0.17 ጀምሮ እንዲተው ተብሏል።

ደረጃ 5፦ ፖስትግሬስ ላይ ከርሰሩን ዳር ድረስ ነድቶ መመለስ

ይህን ዘዴ እወደዋለሁ፤ ጥቂት ሰው ነው የሚጠቀምበት። በአንድ ኩዌሪ፣ በአንድ ፎቶ፣ አንድም ረድፍ ሳይመጣ ትክክለኛውን ብዛት ይሰጣል። ትራንዛክሽን ከፍታችሁ ከርሰሩን (በመልሱ ረድፎች ላይ የሚንቀሳቀሰውን ጠቋሚ) ታውጃላችሁ፦

ዲክሌር ተራ ስክሮል ከርሰር ፎር ሰሌክት መለያ ፍሮም ጭነት ዌር መድረሻ = 'ደሴ';
ሙቭ ፎርዋርድ ኦል ኢን ተራ;

ሰርቨሩ «ሙቭ 340» ብሎ ይመልሳል፤ ቁጥራችሁ ይኸው ነው። ረድፎቹ ግን ከሰርቨሩ አልወጡም። ከዚያ «ሙቭ አብሶሉት 0 ኢን ተራ» ብላችሁ ወደ መጀመሪያው ትመለሱና በፌች 50 በ50 እያደረጋችሁ ትወስዳላችሁ። የከርሰሩ ፎቶ ስለማይለወጥ ቁጥሩና ዝርዝሩ ይገጥማሉ፤ ደረጃ 3 ላይ የለፋንበት እዚህ በነፃ ይገኛል።

ስክሮል የሚለውን ቃል አትርሱ፤ ሳይኖር ወደኋላ መመለስ እንደ ኩዌሪው ዓይነት ሊከለከል ይችላል። ሌላው ስውር ነገር፦ ፖስትግሬስ ለከርሰር ዕቅድ ሲያወጣ ተጠቃሚው ከመጀመሪያ አንድ አሥረኛውን ብቻ ይወስዳል ብሎ ይገምታል (ነባሪው ዋጋ 0.1 ነው)። እኛ ግን እስከ መጨረሻ ስለምንነዳ፣ «ከርሰር_ታፕል_ፍራክሽን» የሚለውን ቅንብር ለዚያ ትራንዛክሽን 1 ማድረግ አንዳንድ ጊዜ በጣም ያፈጥናል። ለድረ ገጽ አይመችም፣ ምክንያቱም ግንኙነቱ በገጾች መካከል ክፍት አይቆይም። ለሱቅ ኮምፒውተር ፕሮግራምና ለሌሊት ሪፖርት ግን ተስማሚ ነው።

ደረጃ 6፦ ድራይቨሩ (ፕሮግራማችሁን ከዳታቤዙ የሚያገናኘው) የሚሰጣችሁን ቁጥር ከማመናችሁ በፊት

«የኔ ቋንቋ እኮ ብዛቱን በቀጥታ ይሰጠኛል» የሚል ሰው አይጠፋም። ይሰጣል፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሁሉንም ቀድሞ ስላመጣ ነው። የሐጂ ሱቅ ችግርም ከዚህ አይለይም ነበር።

የፖስትግሬስ መሠረታዊ ላይብረሪ በነባሪ ሙሉውን መልስ ወደ ጠያቂው ማህደረ ትውስታ ያስገባል፤ ስለዚህ ብዛቱን ያውቃል። ማይኤስኪውኤልም መልሱን አከማችቶ ሲያመጣ እንዲሁ ነው፤ እየፈሰሰ እንዲመጣ ካደረጋችሁት ግን የመጨረሻው ረድፍ እስኪነበብ ትክክለኛ ቁጥር የለውም። በፓይተን የዳታቤዝ ስምምነት ሮውካውንት የሚለው ባሕርይ ቁጥሩ ሊታወቅ ካልቻለ -1 ይሆናል፤ የኤስኪውላይቱ ሞጁል ለሰሌክት የሚመልሰው ይህንኑ ነው። የፒኤችፒው ፒዲኦ ለሰሌክት ዋስትና አይሰጥም፣ በኤስኪውላይት ላይ ብዙ ጊዜ 0 ይላል። ኦራክል ላይ በፓይተን የምታዩት እስካሁን የተነበበውን ያህል ነው፤ ሲነበብ ያድጋል። ጃቫ ውስጥ ወደ መጨረሻው ረድፍ ዘልሎ ቁጥሩን መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚያ ግን ወዲያና ወዲህ የሚሄድ የመልስ ዓይነት መጠየቅ አለባችሁ፣ ነባሪው ወደፊት ብቻ ነው የሚሄደው።

የማይክሮሶፍቱን አክሰስ ለብቻው ላንሳው፤ እዚህ ሱቆች ውስጥ ከምጠራባቸው ፕሮግራሞች ጥቂት የማይባሉት አሁንም የአክሰስ ፋይል ናቸው። በዲኤኦ (የአክሰስ ዳታ ማንበቢያ መሣሪያ) ከኩዌሪ በተከፈተ ሪኮርድሴት ላይ ሪኮርድካውንት ብትጠይቁ የሚነግራችሁ እስካሁን የተነካውን ብዛት ነው። ብዙ ጊዜ 1 ብሎ ሰውን ያስደነግጣል፤ «ዕቃው የት ሄደ?» ተብዬ ተጠርቼ አውቃለሁ። ሙቭላስት ብላችሁ ወደ መጨረሻ ሂዱ፣ ከዚያ ጠይቁ፣ ከዚያ ሙቭፈርስት ብላችሁ ተመለሱ። መልሱ ባዶ ከሆነ ሙቭላስት ስሕተት ስለሚያወጣ አስቀድማችሁ ኢኦኤፍን (መጨረሻ ላይ መሆኑን የሚናገረውን) ፈትሹ። በኤዲኦ (በሌላው የማይክሮሶፍት መሣሪያ) ደግሞ ከርሰሩ ወደፊት ብቻ የሚሄድ ከሆነ -1 ታያላችሁ። በኔትወርክ ለተያያዘ ፋይል ሙቭላስት ሁሉንም ስለሚጎትት፣ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ደረጃ 7፦ ሳይቆጥሩ ማለፍ

ቀጣይ ገጽ መኖሩን ብቻ ከፈለጋችሁ በገጹ 20 ረድፍ ብታሳዩም 21 ጠይቁ። 21ኛው ከመጣ ቀጣይ አለ፤ እሱን ጥላችሁ 20ውን አሳዩ። አንድ ረድፍ መኖሩን ብቻ ከሆነ ኤግዚስትስን ተጠቀሙ፤ የመጀመሪያውን እንዳገኘ ያቆማል። «ከ1000 በላይ» ብሎ ማሳየት ለሚበቃ ደግሞ ለቆጠራው ጣሪያ ስጡት፦

ሰሌክት ካውንት(*) ፍሮም (ሰሌክት 1 ፍሮም ጭነት ዌር መድረሻ = 'ደሴ' ሊሚት 1001) ኤዝ ጣሪያ;

1001 ከመለሰ «ከ1000 በላይ» ብላችሁ ጻፉ። ማንም 48ኛውን ገጽ አይከፍትም።

ግምት ለሚበቃ፣ የፖስትግሬስ ኤክስፕሌይን (ዕቅዱን የሚያሳየው ትዕዛዝ) ኩዌሪውን ሳይሠራ የሚጠብቀውን የረድፍ ብዛት ከላይኛው መስመር ላይ ይጽፋል። የሙሉ ሠንጠረዥ ግምት ደግሞ ፒጂ_ክላስ በሚባለው የፖስትግሬስ የራሱ ሠንጠረዥ ውስጥ ሬልታፕልስ በሚለው ዓምድ ይገኛል፤ ከ14 ጀምሮ ሠንጠረዡ ቫኪዩም ወይም አናላይዝ ተደርጎ የማያውቅ ከሆነ -1 ይላል። ማይኤስኪውኤል በኢንፎርሜሽን_ስኪማ ውስጥ የሚያሳየው የኢኖዲቢ ብዛት ከእውነተኛው እስከ 40 እና 50 በመቶ ሊለያይ እንደሚችል የራሱ መመሪያ ይናገራል፤ ስለዚህ ለሂሳብ ሠራተኛ አታሳዩት።

ሐጂ ሱቅ አሁን የሚሠራው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት የደረጃ 2ን ኩዌሪ ብቻ ይልካል፤ ቁጥሯ በትልቁ ትወጣለች፣ ዝርዝሩ ካልተነካ አይመጣም። ሲነካ 21 ረድፍ ይጠየቃል። ሾፌሩ የሚፈርምበት ወረቀት ብቻ በሪፒተብል ሪድ ይታተማል። ባለፈው ጠዋት ቁጥሯን አይተው «አብሽር፣ ይሄ ይበቃናል» አሉና ትንሽ ቆይተው «ከእነዚህ ውስጥ ሐረጎን ያለፈው ስንቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለእሱ ዓምድ የለኝም።